እማዬ ያላወቀችው ድምፅ

ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማኝ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ነው። ሞጆ፣ ከቢሮአችን አጠገብ ካለች ሱቅ የገዛሁትን የላስቲክ ውሃ ቆሜ ስጎነጭ፣ ከታች በስተቀኝ ካለችው የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርሴ ተነሥቶ እስከ ጆሮዬ የሚወጋ ነገር ሽቅብ ወጣ። ጠርሙሱን ከአፌ አላቅቄ ቆምኩ። ወዲያው አለፈ። የአምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ የመጀመሪያ ልጄ ናት። በዚያ ሰሞን በሰውነቴ ላይ አዲስ ነገር የማይመጣበት ቀን ስላልነበረ፣ ይህንንም ከእርግዝናው ቆጠርኩት።

ይህን የምጽፈው ሆዷ ገፍቶ፣ ጉንጯን በእጇ ደግፋ፣ «እስክወልድ ልቻለው» ለምትል እህቴ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሜሮን እባላለሁ፤ የምኖረው አዳማ፣ የምሠራው ሞጆ አንድ የትራንዚተር ቢሮ ውስጥ ነው። ሥራዬ ከስልክ ጋር ነው። ከጅቡቲ ዕቃ ጭነው የሚመጡ ሾፌሮች የት እንደደረሱ እጠይቃለሁ፤ የጉምሩክ ወረቀታቸው፣ ዲክላራሲዮኑ፣ ማለቁን እነግራቸዋለሁ፤ ሲናደዱ አበርዳቸዋለሁ። አብዛኞቹ በመንገድ ቢያገኙኝ አያውቁኝም። በድምፄ ግን ከብዙ ሴት መሀል ይለዩኛል።

ተወልጄ ያደግሁት ወንጂ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና አገዳ ቆራጭ ሆኖ ከደቡብ የመጣ ሰው ነበር፤ እማዬ እዚያው አካባቢ የተወለደች ኦሮሞ ናት። እኛ ሰፈር ያደገ ሰው በጥርሱ ይታወቃል። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛው ጥርሳችን ገና ሲበቅል ይበልዛል፤ ቡናማ ሆኖም ይቀራል። ስለዚህ የሰፈራችን ሴት ስትስቅ እጇ አፏን ይቀድመዋል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ከእናቶቻችን አይተን ነው። የስምንተኛ ክፍል ፎቶአችንን ያየ ሰው ክፍሉ በሙሉ የተቀጣ ይመስለዋል፤ አንድ ጥርስ እንኳ አይታይበትም። ስልክ የምወደው ለዚህ ነው። ስልክ ላይ ሰው እንደልቡ ይስቃል።

የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች የሚያጽናኑበት አንድ አባባል ነበራቸው፤ «የበለዘ ጥርስ ድንጋይ ነው፤ አይበሰብስም» ይላሉ። እማዬም ጥርሴ እንደሚወጋኝ ስነግራት ይህንኑ ደገመችልኝና ቅርንፉድ ያዢበት አለችኝ። ያዝኩበት። በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ። ከሳምንት በኋላ ቀኝ ጉንጬን ትራስ ላይ ማስነካት ሲያቅተኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ባለሙያው ሆዴን አየ እንጂ አፌን አላየም። «እርጉዝ ጥርሷ አይነካም፤ ወልደሽ ተመለሺ» ብሎ ፓራሲታሞል አዘዘልኝ። ስህተት መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ደስ አለኝ፤ መርፌና ጉጠት ቀረልኝ ብዬ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ስነሣ ሕመሙ የለም።

በምላሴ ነካሁት። ምንም የለም። ቀዝቃዛ ውሃ ያዝኩበት። ምንም። ጥርሱ የሌላ ሰው ጥርስ ሆኖ አፌ ውስጥ ተቀምጧል። ባለቤቴ ዮናስና እኔ ተንበርክከን አመሰገንን፤ የጸሎት ጓደኞቼም ስልክ ላይ እልል አሉልኝ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የጥርስ ዝምታ ግን ወርቅ እንዳልሆነ ማን ይንገረኝ? በኋላ ያከመኝ ሐኪም እንዳስረዳኝ ሕመሙ የቆመው ነርቩ ስለሞተ ነው። የሞተ ነገር አያምም። ኢንፌክሽኑ ግን ከሥሩ ወደ አጥንቱ መንገዱን ቀጥሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አንድ ሽታ ገባ። የሞተ አይጥ ሽታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከዮናስ ጋር ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አራቅን፤ ፍሪጁን ጎተትን፤ ፍራሹን አውጥተን ፀሐይ ላይ ሰጣነው። አይጥ የለም። ወለሉን በበረኪና አጠብኩ። ሽታው ቀነስ አለ ስል፣ መስኮቱን ለመክፈት ስሄድ ተከትሎኝ መጣ። ሰኞ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ አገኘሁት። ቢሮም ቀድሞኝ የገባ መሰለኝ። አብራኝ የምትሠራውን ልጅ «አይሸትሽም?» አልኳት። ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ «ኧረ ምንም» አለችኝ። ዮናስም ሽታው ከየት እንደሚመጣ ያን ቅዳሜውኑ ገብቶታል። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ስሌት አይስተውም። ግን ላሳፍራት አልፈልግም ብሎ ከእኔ ጋር ቁም ሳጥን ሲገፋ ዋለ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ አንጀቴን ይበላኛል። ፍቅርም አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።

ቀጥሎ ከአገጬ ሥር ጠጠር የሚል ነገር አበጠ። ሻርፕ ጠመጠምኩበት። ለሌላ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ይሆናል፤ የኔን ልማድ ለሚያውቅ ግን ሜሮን አፏን ሸፈነች ማለት ፀሐይ ወጣች እንደ ማለት ነው። ለቅድመ ወሊድ ክትትል ስሄድም እንደተጠመጠምኩ ገባሁ። ሲስተሯ ደግ ሴት ናት፤ ግፊቴን ለካች፣ ሆዴን ዳበሰች፣ የልጄን የልብ ምት አሰማችኝ። «ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?» አለች። እጄን አፌ ላይ አድርጌ «የለም» አልኳት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መቼም ተረት ስንሰማ ለጎረቤት የተተረተ ነው የሚመስለን።

ሰባተኛው ወር ሊያልቅ አካባቢ ነገሩ ሁሉ በጥቂት ቀናት ተገለባበጠ። መጀመሪያ አፌ ጠበበ። ሦስት ጣት ያስገባ የነበረ አፍ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ጣት ብቻ ማስገባት ጀመረ። እንጀራ መጉረስ ተውኩ፤ አጥሚት በሻይ ማንኪያ ማስገባት ያዝኩ። ምላሴ ከፍ አለ። ከሥሩ አንድ ነገር ተቀምጦ ወደ ላይ የሚገፋው ይመስላል። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፤ ሶፍት ይዤ እየጠረግሁ ስልክ አነሣ ነበር። ትኩሳት ሲይዘኝ በቀትር፣ በአዳማ ሙቀት ጋቢ ደርቤ ተንቀጠቀጥኩ።

ከሚሌ የደወለ አንድ ሾፌር ነበር። ሁልጊዜ የሚያደርቀኝ፣ የሚቀልድብኝ ሰው ነው። «ሃሎ» አልኩት። «እህት፣ ይቅርታ፣ ሜሮንን አቅርቢልኝ» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። «አይ፣ የድሮዋን ሜሮን» አለና ሳቀ። እኔም ልስቅ ብዬ ነበር፤ አገጬ እምቢ አለ። ስልኩን ዘግቼ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያልኩ ራሴን አዳመጥኩ። ድምፁ የታፈነ ነው፤ ትኩስ ድንች ጎርሶ የሚናገር ሰው ድምፅ። ከእኔ አፍ ይወጣል፤ የኔ ግን አይደለም።

በማግሥቱ ጠዋት ዮናስ ትምህርት ቤት ከሄደ በኋላ ለእማዬ ወንጂ ደወልኩላት።

«እማዬ» አልኳት።

ከበስተኋላዋ ዶሮዎቿ ይሰማሉ።

«ማነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ ሜሮን።»

«አይደለሽም» አለች እማዬ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነበር። «የልጄን ስልክ ከየት አገኘሽው? ልጄ የት አለች? ኢንተላ ኮን፣ ልጄን አቅርቢልኝ!»

የወለደችኝ እሷ ናት። በእኔ ልጅነት ከደርዘን ልጆች ጩኸት መሀል የኔን ለቅሶ ለይታ የምትሮጥ ሴት ናት። አሁን ስለ እኔ ተጨንቃ እኔኑ ትለምነኛለች። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ልላት ሞከርኩ፤ የወጣው ድምፅ የባሰ ሆነ። ስልኩ ተዘጋ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ሌላው ነገር የታወቀኝ። ልጄ አልተንቀሳቀሰችም። ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰችም። ሁልጊዜ ከቁርስ በኋላ ጎኔን ትረግጠኝ ነበር። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ምንም።

እማዬ ለዮናስ ደውላ «ቤትህ ሌላ ሴት አለች፤ ልጄን ምን አድርጋት እንደሆነ እይ» አለችው። እሷም ያገኘችው ባጃጅ ላይ ወጥታ፣ ነጠላዋን እንኳ በትክክል ሳትለብስ ከወንጂ መጣች። ዮናስም ክፍሉን ጥሎ መጣ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ወደ እኔ መጥታ ሻርፔን ፈታች። ከዚያ አፌ ላይ የነበረውን እጄን ያዘችና አወረደችው። ዕድሜዬን ሙሉ አፌን ሸፍኜ ስኖር እጄን ያወረደው ሰው እሷ ነች። አንገቴ ከአገጬ ጋር አንድ ሆኖ፣ ቀልቶ፣ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር።

«አፍሽን ክፈቺ።»

አልከፈት አለ።

«ዮናስ፣ መኪና!» አለች። «እማማ፣ ልብስ ትቀይርና…» ሲላት «ምን ልብስ? አሁን!» ብላ ጮኸችበት። እሱን ስትቆጣው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። አልጋ ላይ ሊያስተኙኝ ሞከሩ። ስተኛ አየሩ ጠፋ። ተነሣሁ። «አታስተኟት! ተቀምጣ ትቆይ» አለ አንድ ድምፅ። ኦክስጅን አደረጉልኝ። ክንዴ ላይ መርፌ ገባ። የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪሙ መጣ። ወጣት ነው። ዝግ ብሎ ያወራል። ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ ነገረኝ።

«ሉድዊግስ አንጃይና ይባላል። ከጥርስሽ የተነሣው ኢንፌክሽን ከምላስሽ ሥር ገብቷል። ምላስሽን ወደ ላይ እየገፋ ነው። የአየር መንገድሽን ሊዘጋው ይችላል።»

የማህፀን ሐኪሟ የልጅ ልብ ምት የሚያሰማውን ዶፕለር ሆዴ ላይ አደረገች። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ። ቦታ ቀየረች። ሽሽሽ። ሌላ ቦታ። የሁሉም ዓይን ሆዴ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከመንጋጋዬ ውስጥ የአገዳ ማሳ ሲቃጠል የሚያሰማው ቱሽ ቱሽ ተሰማኝ። ወንጂ አገዳ ሊቆረጥ ሲል ይቃጠላል፤ ጥቁሩ ጥላሸት እንደ በረዶ የተሰጣ ልብስ ላይ ይወርዳል። ጥላሸቱ በሲስተሮቹ ነጭ ጋውን ላይ ሲወርድ አየሁ። ማንም አላራገፈውም። ትኩሳቱ እንደነበረ አውቃለሁ። ግን አየሁት።

ከዚያ ተገኘች። ድክ ድክ ድክ ድክ። ፈጣን ነው፤ በጣም ፈጣን። «አለች» አለች ሐኪሟ። «በእናቷ ትኩሳት ተጨንቃለች። ግን አለች።»

ዮናስ «ልጅቷን አሁን ማውጣት አይሻልም?» ብሎ ጠየቀ። መልሷን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ልጅቷ የምትተነፍሰው በእናቷ ነው። መጀመሪያ እናትየው ትተንፍስ።»

በአፌ ቱቦ ማስገባት እንደማይቻል፣ ሙሉ ሰመመን ከሰጡኝም አየር መንገዱ ሊዘጋ እንደሚችል ነገሩኝ። ስለዚህ ትራኪዮስቶሚ ነው። አንገቴ ላይ ብቻ ማደንዘዣ ወግተው፣ እኔ እያወቅሁ፣ መተንፈሻ ይከፍታሉ። «ለጊዜው ድምፅ አይኖርሽም» አለ ሐኪሙ። ራሴን ነቀነቅሁ። እሱስ ቀድሞኝ ሄዷል ልለው ፈልጌ ነበር።

ተቀምጬ ነው የተከፈተልኝ። ሲገፋ ይሰማኛል። አያምም። አንዲት ሲስተር እጄን ይዛ «አይዞሽ የኔ እናት» ትላለች። አየር ጠፋ። ጨለመ። ከዚያ ከአንገቴ ሥር ቀዝቃዛ አየር ገባ። በአፌ ሳይሆን፣ በአፍንጫዬ ሳይሆን። ዋጥኩት። እንደገና። ያን ጊዜ አስተኙኝ። ከአገጬ ሥር ቀደዱት፤ መግሉን አወጡት፤ ጥርሱን ነቀሉት።

ፅኑ ሕሙማን ክፍል ስነቃ ከውጭ የሚጠራ ስልክ ሰማሁ። አንዲት ሴት አነሣችው። «ሃሎ፣ የት ደረስክ?» አለች። የኔ ድምፅ ነው፤ የድሮው፤ የጠራው። ሾፌሩን ስታበርደው፣ ስትስቅ ሰማኋት። ተመለሺ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ በአንገቴ በኩል ትንፋሽ ብቻ ወጣ። መድኃኒቱ ነው ይላሉ። ይሁን። በዚያ ፍርሃት መሀል ነበር ጎኔን አንድ ነገር የመታኝ። ከውስጥ። ደገመው። አለቀስኩ፤ ለቅሶዬም ድምፅ አልነበረውም። ልጄ ግን እየረገጠችኝ ነበር፤ እኔም በእጄ መልሼ ቀስ ብዬ መታኋት።

ማገገሙ እንደ ሕመሙ ፈጣን አልነበረም፤ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚሄድ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል በደም ሥሬ እየገቡ ሰነበቱ፤ ከአገጬ ሥር ያስቀመጡልኝ ማፍሰሻ ቱቦ መጀመሪያ ወፍራም መግል፣ ከዚያ ቀጭን ፈሳሽ አወጣ፣ በመጨረሻም ማውጣት አቆመ፤ እማዬም በየጠዋቱ ፋሻውን አጎንብሳ ታሸትና «ዛሬ የለም» ትለኛለች፤ ያ የሞተ አይጥ ሽታ ማለቷ ነው። አንድ ቀን ሐኪሙ ጥርሱን በትንሽ ብልቃጥ ይዞልኝ መጣ። ከላይ ሲያዩት ቡናማ ነው፤ ሙሉ ነው፤ የተለመደው የእኛ ሰፈር ጥርስ ነው። ገለበጠው። ከጎኑ፣ ድዱ በሸፈነው በኩል፣ ባዶ ነበር። «ብልዘቱ ሸፈነው» አለኝ። «የበለዘ ጥርስም ይበሰብሳል።» እማዬ ብልቃጡን ተቀብላ ብዙ ቆይታ አየችው፤ ከዚያ መለሰችለት።

የአንገቴ ቱቦ ወጥቶ ቀዳዳው እየጠበበ ሲመጣ፣ ሐኪሙ ጣቴን ፋሻው ላይ አስጭኖ ተናገሪ አለኝ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሻካራ ነበር። እማዬ ከወንበሯ ብድግ አለችና ስልኳን ይዛ ከክፍሉ ወጣች። ሽንት ቤት የሄደች መስሎኝ ነበር። ስልኬ ጠራ። እማዬ ናት፤ ኮሪደር ላይ ቆማ።

«ማነሽ?» አለች።

ፋሻውን ጫን አደረግሁ። «እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

ለቅሶዋን መጀመሪያ በስልኩ፣ ትንሽ ቆይቶም በበሩ በኩል ሰማሁት። «ኢንተላ ኮ» አለች፤ «መጣሽልኝ።»

ልጄ በዘጠነኛው ወር ተወለደች። ትንሽዬ ናት፤ ጩኸቷ ግን የሞጆ ኮንቴይነር መኪና ነው። ሲፈን ያለቻት እማዬ ናት። እጄን ይዛ «አይዞሽ» ያለችኝን ሲስተር፣ ፊቴ ቁጢጥ ብሎ ያስረዳኝን ሐኪም፣ «መጀመሪያ እናትየው ትተንፍስ» ያለችውን ሐኪም፣ ዮናስን፣ የጸለዩልኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። እግዚአብሔርን አሁንም አመሰግናለሁ፤ አሁን ግን አመስግኜ ስጨርስ አፌን ከፍቼ በመስታወት አያለሁ።

አንቺ እህቴ፣ ጥርስሽን የያዝሽው፤ ወልደሽ ተመለሺ ካሉሽ ሌላ ቦታ ሂጂ። በእርግዝና ጊዜ የታመመ ጥርስ ይታከማል፤ ማደንዘዣውም፣ ለእርጉዝ የሚሆነው አንቲባዮቲክም አለ፤ ከፋርማሲ በራስሽ መርጠሽ ግን አትዋጪ። ሕመሙ በራሱ ጊዜ ጭጭ ካለ ዳንኩ ብለሽ አትደሰቺ፤ ያን ጊዜ ነው መሮጥ። አገጭሽ ሥር ካበጠ፣ አፍሽ አልከፈት ካለ፣ ምራቅሽን መዋጥ ካቃተሽ፣ ስትተኚ ካፈነሽ፣ ድምፅሽ ከተለወጠ ወይም ልጅሽ ዝም ካለች ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ። ለክትትል ስትሄጂ ሆድሽን ብቻ አታሳዪ። እጅሽን አውርጂና አፍሽን ክፈቺላቸው።

ይህን መምከር ለእኔ ቀላል እንዳይመስልሽ። ሲፈን አሁን ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። የምትጠጣው ተጣርቶ የሚመጣ ውሃ ነው፤ ጥርሶቿ እንደ ወተት ነጭ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ዮናስ አንድ ነገር አድርጎ አሳቃት። ፍርስ ብላ ሳቀች፤ ስትስቅም ትንሿ እጇ ብድግ ብላ አፏን ሸፈነች። ማንም አላስተማራትም። ወደ እሷ ልሄድ፣ እጇን ላወርድላት ተነሣሁ። ያን ጊዜ ነው የራሴ እጅ አፌ ላይ መሆኑን ያወቅሁት። መጀመሪያ የኔን አወረድኩ። ዓይኗ እያየ፣ ቡናማ ጥርሴን፣ የጎደለውን ቦታ፣ ሁሉንም አሳይቼ ሳቅሁላት። ትንሽ አየችኝ። ከዚያ እሷም እጇን አወረደች።